«ድፍረት» የተባለው ፊልምና ደጅ የቀረው ቤተሰብ

በዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ የተዘጋጀው «ድፍረት» የተባለው ፊልም እ.ኤ.አ. በ2014 ከወጣ ወዲህ በሀገር ውስጥም በውጭም ብዙ ተመስግኗል። በዚያው ዓመት በአሜሪካ በሰንዳንስ፣ ቀጥሎም በበርሊን የፊልም በዓል ተመልካቾች በድምፃቸው የሚሰጡትን ሽልማት አገኘ፤ ሀገራችንም ለኦስካር ውድድር አቀረበችው። ምስጋናው ያለ ቦታው የተሰጠ ነው አንልም። ነገር ግን ካነበብናቸው አስተያየቶች አብዛኞቹ የሚያመሰግኑት አንድ ነገር ነው፤ አንዲት ጠበቃ አንዲትን ልጅ ከእስር ማዳኗን። እኛ ፊልሙን ያየነው የይፋት ቆላን ኑሮ በልባችን ይዘን ስለ ሆነ ዓይናችን የሄደው ወደ ሌላ ነው። ልጅቱ ወደ አዲስ አበባ ከተወሰደች በኋላ በመንደሩ የቀሩት አባትና እናት እንዴት አደሩ? ሽማግሌ ሲላክባቸው፣ ጎረቤት ሰላምታ ሲነሣቸው ማን ቆመላቸው? ለልጅቱ ጠበቃ ተገኘላት፤ ለቤተሰቡ ግን አልተገኘለትም። ይህ የፊልሙ ጉድለት ብቻ ቢሆን ኖሮ በአንድ ገጽ በጨረስነው ነበር። የሕጋችንና የድርጅቶቻችንም ጉድለት ሆኖ ስላገኘነው ግን ነገሩን ጥቂት ማስፋት ግድ ሆነብን።

ታሪኩ በእውነት የሆነ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 በአርሲ አንዲት የአሥራ አራት ዓመት ተማሪ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በፈረስ የመጡ ሰዎች ጠልፈው ወሰዷት። ጠላፊው ከደፈራት በኋላ ጠመንጃ አንሥታ ስታመልጥ፣ ሊይዛት የተከተላትን ይህንኑ ሰው ተኩሳ ገደለችው። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጉዳዩን ያዘ፤ ከሁለት ዓመት ያህል ክርክር በኋላም ፍርድ ቤቱ ራሷን ለመከላከል ያደረገችው ነው ብሎ በነጻ አሰናበታት። በፊልሙ ልጅቱ ሂሩት ተብላለች። ጠበቃዋ ግን በእውነተኛ ስሟ መዓዛ አሸናፊ ተብላ የቀረበች ሲሆን ሜሮን ጌትነት ተጫውታታለች። የእውነተኛዪቱን ልጅ ስም በጋዜጣ ብዙ ሰው አንብቦታል፤ እኛ ግን ከዚህ አንጽፈውም። ምክንያቱ ወደ ታች ይገለጣል።

የፊልሙ ስም በደንብ የተመረጠ ነው። ቃሉ በአማርኛችን ሁለት ፊት አለው። ሰው ደፈረ ሲባል አልፈራም፣ ወንድ ወጣው ማለት ነው፤ ልጅቱ ተደፈረች ሲባል ግን ግፍ ተሠራባት ማለት ነው። ትርጕሙን በሌላ ቋንቋ ከሥር እያነበበ የሚያይ የውጭ ሰው ከሁለቱ አንዱን ብቻ ይዞ ይወጣል። ነገር ግን ቃሉ ሦስተኛ አገባብ አለው፤ ፊልሙ በቂ ቦታ ያልሰጠውም ለእርሱ ነው። በሀገራችን «ቤቴ ተደፈረ» የሚለው አባት ነው። በልጅ ላይ የተሠራ በደል በቤቱና በዘሩ ላይ እንደ ተሠራ ይቆጠራል። ይህ አነጋገር አንድ እውነትና አንድ አደጋ አብሮ ይዟል። እውነቱ፣ ቤተሰቡ ሁሉ ተጎድቷልና ቤተሰቡ ሁሉ ረዳት ያሻዋል ማለቱ ነው። አደጋው ደግሞ በደሉ የልጅቱ መሆኑ ቀርቶ የአባቱ መሆኑ ነው፤ አባት ካሣ ተቀብሎ ይቅር ካለ ልጅቱ ሳትጠየቅ ነገሩ ይዘጋል። ለተበደለ ልጅ ቤተሰብ የሚቆም ረዳት ቢኖር ዋናው ሥራው ከዚህ ላይ በሆነ ነበር፤ እውነቱን ይዞ አደጋውን መከላከል።

በፊልሙ ውስጥ ከሁሉ የሚበልጠው ክፍል ሽማግሎች ከዛፍ ሥር ተቀምጠው ነገሩን የሚያዩበት ነው። በዚያ ላይ ካሜራው አይቸኩልም። የሟች ወገን ይናገራል፤ የልጅቱ አባትም ይናገራል፤ ሰዉ ያዳምጣል። ሌላ ዲሬክተር ቢሆን ሽማግሎቹን ጨካኝ አድርጎ ለውጭ ሀገር ተመልካች መሣለቂያ ባቀረባቸው ነበር። ዘረሰናይ ግን ክብራቸውን ጠብቆላቸዋል፤ ስለዚህም ፍርዳቸው ይበልጥ ይከብዳል። አባትየው በዚያ ጉባኤ ፊት የቆመው ብቻውን ነው። ሕግ የሚያውቅ ሰው ከአጠገቡ የለም፤ ልጅህን ደግፈህ ከዚህ መንደር እንዴት ትኖራለህ ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሰጥለትም የለም። ከዚህ ላይ ፊልሙ አዲስ ነገር ሊከፍት ይችል ነበር። ነገር ግን ወደ አዲስ አበባ ይመለሳል፤ ወደ ችሎቱ፣ ወደ ቢሮው፣ ጠበቃዋ የፍትሕ ሚኒስትሩን ወደምትከስበት ክርክር። እነዚህ ክፍሎች ልብ ያንጠለጥላሉ፤ እንዲህ ያለውን ግን ከሌሎች ሀገሮች ፊልሞች ደጋግመን አይተነዋል። የዛፉ ሥር ክፍል የእኛ ብቻ ነበር። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን ድርሰት ያስተምሩን የነበሩ አንድ አስተማሪ፣ ታሪክ ባነበብን ቁጥር በሩ ሲዘጋ ደጅ የቀረው ማን እንደ ሆነ እንድንጽፍ ያዙን ነበር። በ«ድፍረት» ደጅ የቀሩት አባትና እናት ናቸው፤ ይልቁንም እናት።

ሁለተኛው ነቀፋችን ስለ ታሪኩ ምርጫ ነው። ጠለፋ የአደባባይ ወንጀል ነው። ፈረሱም ጩኸቱም ይታወቃል፤ በማግሥቱ ያልሰማ የለም። ስለዚህ ልጅቱ «ለማን ልንገር?» ብላ የምትጨነቅበት ሌሊት በፊልሙ የለም። በዓለም ሁሉ የተደረጉት ጥናቶች እንደሚያሳዩት ግን ሕፃናትን የሚበድለው አብዛኛውን ጊዜ ልጁ የሚያውቀው ሰው ነው። ይህ በእኛም ሀገር ለማየት የሚያስቸግር አይደለም። ካራቆሬ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከሸዋ ሮቢትና ከአጣዬ አልፎ የሚገኝ የገበያ ከተማ ነው። ከገጠር ለትምህርት የመጡ ልጆች ስንቃቸው ከቤት እየተላከላቸው በጋራ ቤት ተከራይተው ይኖራሉ። በሰው ቤት የሚያገለግሉ ልጆች አሉ፤ ከአጎት ወይም ከአክስት ዘንድ የተቀመጡም አሉ። በእነዚህ ላይ ክፉ የሚያስብ ሰው ፈረስ አያስፈልገውም፤ የቤቱ ቁልፍ በእጁ ነው።

እንዲህ ያለው ልጅ ነገሩን በአንድ ጊዜ አይናገርም። መጀመሪያ ሆዴን ይለዋል። ቀጥሎ ከዚያ ቤት ዕቃ አምጣ ሲባል እንቢ ይላል፤ ትምህርቱን ይጠላል፤ ከእንቅልፉ እየባነነ ይነሣል። እናት የምትሰማው በቁርጥራጭ ነው። ሁሉን አገጣጥማ በገባት ጊዜ የምታደርገው የመጀመሪያ ነገር ልጁን ማጠብ፣ ልብሱንም ማጠብ ነው። ይህ ከፍቅር የመጣ ነው፤ ነገር ግን ሐኪም የሚያየው ማስረጃ ከውኃው ጋር ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ለባሏ ልንገር ወይስ አልንገር እያለች ታድራለች። ከነገረችው ጠመንጃ ይነሣ ይሆናል፤ ይፋት ጠመንጃ የጠፋበት ሀገር አይደለም። ካልነገረችው ደግሞ ነገሩ ሲገለጥ ደባቂዋ እርሷ ትሆናለች። በዳዩ ራሱ ባሏ የሆነ እንደ ሆነስ? እንጀራውም፣ ቤቱም፣ በሬውም ከእርሱ ጋር ነውና እናት ልጇን አምና ከተነሣች የምትነሣው ከኑሮዋ ጭምር ነው።

በዚያች ሌሊት የሚያስፈልገው እውቀት ብዙ አይደለም። በኤች.አይ.ቪ. እንዳይያዝ የሚሰጠው መድኃኒት በሰባ ሁለት ሰዓት ውስጥ መጀመር እንዳለበት፣ ልብሱ ሳይታጠብ በወረቀት ተጠቅልሎ መቀመጥ እንዳለበት፣ ልጁም ለጎረቤት፣ ለሽማግሌ፣ ለፖሊስ፣ ለሐኪም፣ ለዐቃቤ ሕግ እየተጠራ ያንኑ እንዳይደጋግም፣ በተቻለ መጠን አንድ ጊዜ፣ በራሱ ቃል፣ ማንም ሳይመራው እንዲነገርለት ማድረግ እንደሚገባ ማወቅ ነው። ከሁሉ በፊት ደግሞ ልጁ ከእናቱ አፍ «አምኜሃለሁ» የሚለውን መስማት አለበት። ይህ ሁሉ በአንድ ሰው ራስ ውስጥ ይያዛል። ያ ሰው ግን በቀበሌው የለም፤ ወይም ቢኖር ይህ ሥራው እንደ ሆነ ማንም አልነገረውም።

ከዚያ የዕድሜ ጥያቄ ይመጣል። በዚህ ረገድ ፊልሙ ትክክል ነው፤ የሂሩት ዕድሜ አሥራ አራት መሆኑን ማስረዳት ራሱን የቻለ ትግል ሆኖ ይታያል። በሀገራችን የልደት ምዝገባ በመላው ሀገር የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት ለተወለዱት ወረቀት የሚገኝላቸው እንደ ዕድል ነው። የካራቆሬ አዛውንት ዕድሜያቸውን በ1953 ዓ.ም. መጀቴን ካፈረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ተነሥተው ቢቆጥሩ ማንም አይከራከራቸውም፤ የልጅ ዕድሜ ግን በችሎት ፊት እንዲህ አይቆጠርም። ከአሥራ ሦስት ዓመት በታች በሆነ ልጅ ላይ ለተፈጸመ የግብረ ሥጋ በደል የተወሰነው ቅጣት ከአሥራ ሦስት እስከ ሃያ አምስት ዓመት ጽኑ እስራት ነው፤ ልጁ ከዚያ ካለፈ ቅጣቱ ይለያል። ስለዚህ አባት የልጁን ዕድሜ አንድ ዓመት አሳስቶ ቢናገር ነገሩ ሁሉ ሊለወጥ ይችላል። ይህን አስቀድሞ የሚነግረው ማን ነው?

ስለ ሕጉ ጥቂት እንበል። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የተጠለፈችው ወዳ ጠላፊዋን ካገባች ክሱ እንዲቀር ይፈቅድ ነበር። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ በሽማግሌ ተከብባ «ወድጃለሁ» ስትል መውደዷን ማን እንደ መዘነው እግዚአብሔር ያውቃል። በዚያ ዘመን ሽማግሌ ሲላክ ሕጉ ከሽማግሌው ጋር ነበር። በ1996 ዓ.ም. ወጥቶ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ ይህን ሽሮ፣ በአንቀጽ 587 ከጠለፋ በኋላ ጋብቻ መፈጸሙ ጠላፊውን ከኃላፊነት እንደማያድነው ደነገገ። ይህ ታላቅ ነገር ነው፤ የሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም ድካም አለበት። ሆኖም አዲሱ ሕግ የለወጠው የፍርድ ቤቱን ደጃፍ እንጂ የቤተሰቡን አይደለም። ሽማግሌው ዛሬም ይመጣል፤ የተለወጠው ቃሉ ብቻ ነው። «አጋቡ» ማለት ቀርቶ «ምስክርነቱን ተዉት፤ ካሣ ውሰዱ፤ የሁለት ቤት ልጆች አይጫረሱ» ይላል። እናትና ልጅ ቀርበው ያልመሰከሩለት ክስ ደግሞ ዐቃቤ ሕጉ የቱን ያህል ቢበረታ ይወድቃል።

ከዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ የተበደለው ወገን የካሣ ጥያቄውን ከወንጀሉ ክስ ጋር አብሮ እንዲያቀርብ ይፈቅዳል። የካራቆሬ ገበሬ ግን ካሣ የሚገኘው ከሽማግሌ፣ ቅጣት የሚገኘው ከመንግሥት ይመስለዋል። ስለዚህ ለልጁ መታከሚያና ለጠፋው የሥራ ቀን ገንዘብ የሚሻ ድሃ ሰው፣ ሳይወድ በግድ፣ ፍርድ ቤቱን ትቶ ወደ ሽማግሌው ይሄዳል። ሁለቱን ባንድነት መጠየቅ እንደሚቻል የሚነግረው አንድ ሰው ቢያገኝ ስንቱ ቤተሰብ በጸና ነበር! እንዲሁም በ2003 ዓ.ም. የወጣው ቁጥር 699 አዋጅ በከባድ ወንጀል ለሚመሰክሩና ለሚጠቁሙ ሰዎች ጥበቃ እንዲሰጥ ያዝዛል። ጥበቃ ግን የሚያገኘው የጠየቀ ነው፤ አዋጁ መኖሩን ያልሰማ ሰው ምን ብሎ ይጠይቃል? በዚያ ላይ መንገዱ አለ። ከወረዳው ፍርድ ቤት ይግባኝ ሲባል ነገሩ ወደ ደብረ ብርሃን ይሄዳል፤ ከቆላው ተነሥቶ ጣርማ በርን ወጥቶ ማለት ነው። ማሽላው ከወፍ በሚጠበቅበት ወራት ቀጠሮ ሦስት ጊዜ ከተላለፈ የዓመቱ ጉርስ ጠፋ ማለት ነው። በአራተኛው ቀጠሮ ያ ቤተሰብ ባይገኝ «ተስማሙ» ይባላል እንጂ «ተራቡ» አይባልም።

ፊልሙ የጠበቃዎቹን ማኅበር ብርቱ አድርጎ ያሳየናል፤ ብርቱም ነበር። መዓዛ አሸናፊም ኋላ እ.ኤ.አ. በ2018 የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ለመሆን በቅተዋል፤ በዚያ ወንበር የተቀመጡ የመጀመሪያዪቱ ሴት ናቸው። ነገር ግን ማኅበሩ ራሱ ረዳት ያጣበት ዘመን አልፎበታል። እ.ኤ.አ. በ2001 ለጥቂት ጊዜ ታግዶ ነበር። ከዚህ የከፋው ግን በእኛ አቆጣጠር በ2001 ዓ.ም. የወጣው ስለ በጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት የሚደነግገው ቁጥር 621 አዋጅ ነው። በሰብአዊ መብት ላይ የሚሠራ ማኅበር ከገቢው ከአሥር በመቶ በላይ ከውጭ እንዳያገኝ በመከልከሉ፣ ነጻ የሕግ ርዳታ የሚሰጡት ቢሮዎች ሠራተኞቻቸውን ቀነሱ። አዋጁ የተሻረው በ2011 ዓ.ም. ነው። በነዚያ አሥር ዓመታት «ድፍረት» በዓለም ከተሞች እየታየ ሳለ፣ ፊልሙ የሚያመሰግነው ሥራ በሀገሩ ላይ ሳስቶ ነበር። ይህን ከፊልሙ ጋር አያይዞ የጻፈ ሐያሲ አላገኘንም።

ጠበቃ ብቻውን አይበቃም ስንል ደግሞ ሌላ ሙያ በዐሳባችን አለ። በአዲስ አበባ የማኅበራዊ ሥራ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1959 ተከፍቶ ነበር። ከአብዮቱ በኋላ ተዘጋ፤ በከፍተኛ ዲግሪ ደረጃ እንደገና የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። ሠላሳ ዓመት ያህል ሀገሪቱ ጠበቃም፣ ሐኪምም፣ አስተማሪም ስታሠለጥን፣ ከእናት አጠገብ በምድጃ ዳር ተቀምጦ «ነገ ምን እናድርግ?» የሚለውን ሰው አላሠለጠነችም። ጉድለቱ ዛሬም ይታያል።

አሁን የልጅቱን ስም ያልጻፍንበትን ምክንያት እንናገር። ነሐሴ 28 ቀን 2006 ዓ.ም. «ድፍረት» በአዲስ አበባ በብሔራዊ ቴያትር ለመጀመሪያ ጊዜ ሊታይ ሰዉ ተሰብስቦ ሳለ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ታገደ። ከሳሿ ያቺው ልጅ ነበረች፤ በዚያ ጊዜ አካለ መጠን ያደረሰች ሴት ሆናለች። ታሪኬን ሳያስፈቅዱኝ ወሰዱት የሚል ነበር አቤቱታዋ። በኋላ እገዳው ተነሥቶ ፊልሙ ታየ። ከሁለቱ ወገን በሕግ ማን ትክክል እንደ ሆነ መፍረድ የእኛ ሥራ አይደለም። ነገር ግን ነገሩን እንደ ሐያሲ ስናየው ከፊልሙ ታሪክ ጋር የተያያዘ ሆኖ እናገኘዋለን። ይህች ሴት በፍርድ ቤት ነጻ ከወጣች በኋላ እንኳ ወደ መንደሯ ተመልሳ እንደ ቀድሞው ከቤተሰቧ ጋር ልትኖር አልቻለችም። ችሎቱ አሰናበታት፤ ሽማግሎቹ ግን አላሰናበቷትም። ፊልሙ በድል የሚዘጋው ለእርሷ ሌላ መከራ በተጀመረበት ቦታ ላይ ነው። እንግዲህ ስሟን መልሶ ማንሣት ለአንባቢ ምን ይጨምርለታል? ለእርሷ ግን ያከብድባታል።

የፊልሙ ደጋፊዎች፣ ነገሩ ያለፈ ዘመን ታሪክ ነው፣ አሁን ሕጉም ተለውጧል፣ ሰውም ነቅቷል ሊሉን ይችላሉ። ለዚህ መልሱ ከባሕር ዳር ይመጣል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2023 አንዲት የሰባት ዓመት ሕፃን በዚያች ከተማ ተደፍራ ተገደለች፤ ወንጀለኛው ሃያ አምስት ዓመት ተፈረደበት። ሀገር ነገሩን የሰማው ግን ከአንድ ዓመት በኋላ፣ እናቲቱ በመገናኛ ብዙኃን ቀርባ በተናገረች ጊዜ ነው። የተናገረችውም ስለ ፍርዱ ማነስ ብቻ አልነበረም። ማስፈራሪያ እየደረሰባት ከቤት ወደ ቤት ስትንከራተት እንደ ኖረች ጭምር ነበር። ይህች ሴት ነርስ ናት፤ የተማረች፣ ከተማ የምትኖር፣ ሆስፒታልን የምታውቅ። ክስ ቀርቧል፣ ምስክር ተሰምቷል፣ ፍርድ ተሰጥቷል፤ በመዝገብ በኩል የጎደለ የለም። የጎደለው ከእርሷ ጋር የሚቆም ሰው ነው። ለእርሷ እንዲህ ከሆነ፣ ከካራቆሬ በላይ ካለ ቀበሌ ለምትመጣ፣ ፊደል ላልቆጠረች እናት እንዴት ይሆን?

ይህን ስንል ሽማግሎችን መንቀፍ ብቻ እንዳይመስልብን እንፈራለን። ይፋት የክርስቲያንና የእስላም፣ የአማራ፣ የኦሮሞና የአርጎባ ሀገር ነው። በዚህ ሀገር ደም ሳይፈስ የሚታደረው ቄሱና ሼሁ አብረው ስለሚቀመጡ ነው፤ በወሎ በኩል አበጋር የሚባሉት አስታራቂዎችም የታወቁ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2021 አጣዬ ስትቃጠል፣ የአካባቢውም ሰው ሲሰደድ፣ ከ2023 ወዲህ ደግሞ በክልሉ ጦርነት ሲነሣ፣ ብዙ ቦታ ፖሊስና ዳኛ ሥራቸውን ሊሠሩ አልቻሉም። ያን ጊዜ የቀረው ሽማግሌ ብቻ ነበር። ስለዚህ የቤተሰቡ ረዳት ሽማግሌውን ከደጅ የሚያባርር ሰው ሊሆን አይችልም። ሊሆን የሚገባው፣ ሽማግሌው ሲመጣ ከአባቱ አጠገብ ተቀምጦ፣ «ስለ ደሙ፣ ስለ ሁለቱ ቤት ሰላም ተነጋገሩ፤ ልጁና ምስክርነቱ ግን ከዚህ ሸንጎ አይደለም» የሚል ነው። በዛፉ ሥር ያ አባት ያጣው ይህን ቃል የሚናገርለት ሰው ነበር።

በሌላ ዓለም ይህ ሥራ ስም ያለው ሥራ ሆኗል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1985 በአላባማ ሐንትስቪል ከተማ የተከፈተው ቤት፣ ልጁን በየመሥሪያ ቤቱ ማንከራተት ቀርቶ ፖሊሱም፣ ሐኪሙም፣ ዐቃቤ ሕጉም ልጁ ወዳለበት እንዲመጡ አደረገ። ከዚያ ወዲህ በተከፈቱት ቤቶች ልጁንና ወላጆቹን የሚረዳ ሰው ይመደባል፤ ቀጠሮ ያስታውሳል፣ የሕጉን ቃል ይተረጉማል፣ ቤት ላጡት ቤት ይፈልጋል፣ ነገሩ ካለቀ በኋላም ይጠይቃቸዋል። አይስላንድ በ1998 ተከተለች። ደቡብ አፍሪካ ቱቱዜላ የተባሉትን ማእከሎች ከሆስፒታል ጋር አያያዘች፤ በአዲስ አበባ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል የተከፈተው ማእከልም አርአያው ይኸው ነው። መልካም ነው። ነገር ግን ማእከል ለመጣ ሰው ነው። ከካራቆሬ እስከ ጋንዲ ሆስፒታል የሚደርሰው ቤተሰብ ከችግሩ ግማሹን ቀድሞ ያሸነፈ ቤተሰብ ነው። ለቆላው የሚያስፈልገው ሕንፃ አይመስለንም፤ ደመወዝ የሚከፈላት፣ ከሁለቱም ወገን ዝምድና የሌላት፣ ምሥጢር የምትጠብቅ አንዲት ሴት ናት። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዪቱ ቤት ለቤት ስለምትዞር ለዚህ ሥራ ትቀርባለች፤ ሆኖም የቀበሌው ልጅ መሆኗ፣ ለክትባቱም ለመጸዳጃ ቤቱም ተጠያቂዋ እርሷ መሆኗ ነገሩን ያከብድባታል። ትንሽ ከተማ ላይ ሰው ከማን ቤት እንደ ገባ ሁሉም ያያል። ከዚህ ላይ ያለን አስተያየት ገና አልጠራም።

ወደ ፊልሙ ስንመለስ፣ ዲሬክተሩን የምንነቅፈው ያልፈለገውን ፊልም ባለመሥራቱ ነው የሚሉን ይኖራሉ። ነገር ግን ያንን ፊልም ጀምሮታል። አባቱን ከዛፉ ሥር አቁሞ፣ ፊቱን በቅርብ አሳይቶን፣ ከዚያ ትቶት ሄዷል። እናቲቱን ደግሞ ከነጭራሹ ለማወቅ ጊዜ አልሰጠንም። ዘጠና ዘጠኝ ደቂቃ ከሚፈጀው ፊልም ለወላጆቹ አሥር ደቂቃ ቢጨመርላቸው የጠበቃዋ ድል አይቀንስም ነበር፤ ከምን ላይ እንደ ተገኘ ይበልጥ ይታይ ነበር እንጂ።

በመጪው ክረምት ወደ ይፋት፣ ወደ ቡልጋ፣ ወደ መንዝም ሆነ ወደ ወሎ የምትወርዱ ጓደኞቻችን ስለ ጋብቻና ስለ ካሣ ወግ ለመጽሔታችን ስትሰበስቡ፣ አንድ ነገር እንድትጨምሩልን እንለምናለን። በልጅ ላይ በደል ተሠርቶ ሽማግሌ ሲቀመጥ እናት ከሸንጎው ትጠራለች ወይስ አትጠራም? ካሣው ሲቆረጥ ለልጁ ተብሎ የሚለይ ነገር አለ? ከዚያ በኋላ ያ ቤተሰብ በእድሩና በገበያው እንዴት ኖረ? የምትጠይቁት አዛውንቱንና የሸንጎውን አዋቂዎች እንጂ የተበደሉትን አይሁን፤ ልጆቹን በፍጹም አትጠይቁ፤ የቤተሰብና የቀበሌ ስምም አትጻፉ። የተሰበሰበውን እስከ ኅዳር መጨረሻ ለአዘጋጆቹ ብታደርሱ በሚቀጥለው ቁጥር እንመረምረዋለን።